ስለ ሥራነሽ ሞተርና ስለ ሐዋሳው ወንበር

ይድረስ ሐዋሳ ለሚኖረው ልጄ ለጸጋው።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነታችሁን እጠይቃለሁ። አንተ እንደምን ከረምህ? ብዙ ስትቀመጥ የሚነዝርህ ወገብህ ተሻለው ወይስ እንደ ልማድህ ችላ ብለኸው እየባሰበት ነው? ባለቤትህ የኔአለምስ እንዴት ናት? የደም ግፊት መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ ራስ ምታቱ ሲተዋት እሷም መድኃኒቱን ትተወዋለች? ልጆቹስ? የክንዴ ጉሮሮ ዳነ? ሳራን ያ ደረቅ ሳል ለቀቃት? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወግ አይደለም፤ በየተራው እንድትመልስልኝ ነው። ባለፈው በስልክ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለህ በአንድ ቃል ጠቀለልኸው። አራት ሰው በአንድ ቃል ደህና ሲሆን እኔ አላምንም።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል፤ ዓይኔ በመነጽር ያነባል፤ ጆሮዬ የሚሰማውን ይሰማል። ጎረቤቴ ሙላቷ ደህና ናት፤ ዘንድሮ ጓሮዋ ጎመን ብቻ ሆኖ እኔንም ጎመን ብቻ አድርጋኛለች። ዝናቡ ዘግይቶ ወጣ። በቾቄ በኩል ጥቅምት ገብቶም ሰማዩ አልጠራም ነበር፤ አሁን ግን ገብሱ መታጨድ ጀምሯል።

ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ግማሹ «ትሰሚኛለሽ?» ሌላው ግማሽ «አልሰማህም» ሆኖ አለቀ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። አንተም እንደ ስልኩ ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው አንብበው። ስትጨርስ የምታደርገው ነገር አለ።

በመስከረም መጨረሻ ደውለህ ምን እንዳልኸኝ ላስታውስህ። «እማዬ፣ መሥሪያ ቤቷ የሰጣት ሞተር ከተበላሸ ወዲህ ልጄ ሥራነሽ ከብት ልታክም ሮብ ገበያ ዙሪያ ባለው ዳገት ሁሉ በእግሯ ስትንከራተት አላስችል ብሎኛል። ወይ የማያንገላታት ሞተር ተገኝቶ እገዛላታለሁ፣ ወይ እዚህ የእንስሳት መድኃኒት የሚያስመጣ ቢሮ ውስጥ ያገኘሁላትን ሥራ ትያዝ። ሞተር ያላቸውን ሰዎች ጠይቂልኝ፤ የትኛው በሊትር ብዙ ይሄዳል? የትኛው ብዙ ዓመት ይቆያል? እስከ ኅዳር ጽዮን ለቢሮው መልስ መስጠት አለብኝ» አልኸኝ። ጥያቄህ ግልጽ ነበር፤ ወድጄዋለሁ። ግልጽ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። ግልጽ መልስ ግን ከዚህ አገር ጠፍቷል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሮብ ገበያ መንገድ የሚመላለሱ ባለሞተሮች ከቤቴ ማዶ፣ ጎማ ጠጋኙ አማረ ደጅ ይሰበሰባሉ። ጎማ ያስነፋሉ፣ ሰንሰለት ያስጠብቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥራቸው ክርክር ነው። ክርክሩም አንድ ነው፤ የማን ሞተር በጥቂት ቤንዚን ብዙ ይሄዳል፣ የማን ሞተር ሳይበላሽ ይኖራል። ሰው ስለ ልጁ ትምህርት እንዲህ ቢከራከር ኖሮ ያስተማርኋቸው ሁሉ ሐኪም በሆኑ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ተሻገርሁ። አማረ በርጩማ አወጣልኝና ባለሞተሮቹን «ጸጥ በሉ፣ መምህርት ልትፈትናችሁ መጣች» አላቸው። ቀልዱ ነበር፤ እኔ ግን ለዚያው ነበር የሄድሁት።

መጀመሪያ ያገኘሁት እንዳላማውን ነው፤ ሮብ ገበያ ተቀምጦ ድንች የሚነግደውን። ቀይ የቻይና ሞተር አለው። መቀመጫዋን ከፋይ አልብሷታል፣ መስታወቷ ላይ ጨሌ አንጠልጥሏል። «እትዬ ዘቢደር፣ ይህቺ ቤንዚን አትጠጣም፤ ታሸታለች እንጂ!» አለኝ። በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ጠየቅሁት። «ሊትር ምን ያደርጋል! አንድ ሃይላንድ አፍስሼባት ከሮብ ገበያ ማርቆስ እገባለሁ፤ በተረፈው ከልብሴ ላይ ቅባት አስለቅቃለሁ» አለ። ቤንዚን እዚህ በውኃ ፕላስቲክ ተሞልቶ በየሱቁ ደጅ እንደሚሸጥ ታውቃለህ፤ ትልቁም ሃይላንድ ይባላል፣ ትንሹም ሃይላንድ ይባላል። «የትኛው ሃይላንድ?» ብለው «የሚሸጠው ነዋ!» አለኝ።

አጠገቡ የቆመው ተስፋዓለም ነው፤ ተማሪዬ ነበር። አሁን እዚህ ማርቆስ እየኖረ ሮብ ገበያ ወጥቶ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሞተሩ የህንድ ነው። የፊዚክስ መምህር ነውና ከእሱ የተሻለ ነገር ጠብቄ ነበር። «መምህርት፣ ዋናው ማይሌጁ ነው» አለኝ። «ስንት ነው ታዲያ?» አልሁት። «ኢንተርኔት ላይ ስድሳ ይላል» አለኝ። «ኢንተርኔት የሮብ ገበያን ዳገት ወጥቶታል?» ብለው አማረ እስኪያስለው ሳቀ። ተስፋዓለም ግን ቀላ ብሎ፣ የእሱ ሞተር ሮብ ገበያ ለመድረስ ሃይላንድ ተኩል እንደሚፈጅ አመነ። እንዳላማው ይህን ሲሰማ «አላልኋችሁም? የኔ በአንድ!» ብሎ ጮኸ።

እንዲህ እየተባባሉ ስንት ቅዳሜ እንደከረሙ እንጃላቸው። አንዱ የሚለካው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ መሆኑን አንድም ቀን ልብ ያለው የለም። ይህን ስነግራቸው እንዳላማው «እትዬ፣ መንገዱ እንደሆነ አንድ ነው» አለኝ። መንገዱ አንድ ነው፤ ዳገቱ ግን ለአንዱ ዳገት ነው፣ ለሌላው ቁልቁለት። ይህን የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል። ይባስ ብሎ እንዳላማው ቁልቁለቱን ሞተሩን አጥፍቶ እንደሚወርድ ተናገረ፤ እንደ ብልሃት ቆጥሮት በኩራት ነው የተናገረው። «ታዲያ ሳትሠራ የሄደችውን መንገድ እንዴት አድርገህ ትቆጥርላታለህ?» አልሁት። «ሄዳለቻ!» አለኝ። ድንጋይም ከገደል ቢለቁት ይሄዳል። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋን ልይ ብዬ ጎንበስ ስል ቆሟል። የተስፋዓለምም ቆሟል። ባልሠራ ሚዛን እህል የሚገዛ ነጋዴ አይቼ አላውቅም፤ በቆመ መቁጠሪያ የሚከራከር ግን አንድ ደጅ ሙሉ አየሁ።

በመካከሉ ቄስ ኪዳነ ማርያም መጡ። ታውቃቸዋለህ፤ ሮብ ገበያ አጠገብ ያለውን ደብር የሚያገለግሉት፣ ጃንጥላቸውን ሞተራቸው ላይ አስረው የሚመላለሱት። ሞተራቸው ግራጫ የጃፓን ነው። ቀድሞ እዚያ የነበረ የደን ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ የገዙት ነው። ቀለሙ ተልጧል፤ ቆሞ ሲያጓራ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል። መስቀል ተሳልሜ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «እሱ ደግሞ ምን ሞተር ይባላል እመት ዘቢደር፤ ብረት ነው እንጂ» አሉኝ። «በሊትርስ?» አልኋቸው። «ይጠጣል። ሰካራም ነው» አሉ። «ስንት ጊዜ ተበላሸ?» ስላቸው ደግሞ «ደህና የዋለበትን ቀን ቢጠይቁኝ ይቀላል። ዛሬ ነገ እጥለዋለሁ እያልሁ ነው» አሉ።

እንግዲህ ክርክር ይብቃ፣ በልክ እንለካ አልሁ። አንድ ሊትር በእኔው መስፈሪያ ለሦስቱም ይሰፈርና ሦስቱም ከዚህ ተነሥተው ሮብ ገበያ ደርሰው ይመለሱ፤ ቁልቁለቱን ማጥፋት የለም፤ ቤንዚኑ ያለቀበት ቦታ ይታይ። እንዳላማውና ተስፋዓለም እየተሿሿፉ እሺ አሉ። ቄሱ ግን ዝናብ በሌለበት ጃንጥላቸውን ዘርግተው «እኔ ሰዓታት አለብኝ» ብለው ሞተራቸውን አስነሥተው ሄዱ። ምስኪን፣ አፍረው ነው አልሁ። ያን ቀን ደውዬ የነገርሁህ ይህንኑ ነው፤ የቻይናው ይመሰገናል፣ የህንዱ መካከለኛ ነው፣ የጃፓኑን ባለቤቱ ራሱ ሊጥለው ነው አልሁህ። አንተም ቸኩለህ «እንግዲያው የሚታመን ሞተር የለም ማለት ነው፤ ለቢሮው እሺ ልበላቸው?» አልኸኝ። ጠብቅ አልሁህ። ጥድፊያህን ግን ያን ጊዜውኑ ታዝቤዋለሁ።

የሦስቱ ልኬት እስካሁን አልተደረገም። አንደኛው ቅዳሜ እንዳላማው ድንች አለብኝ አለ፤ በሌላው ተስፋዓለም ፈተና አርማለሁ አለ። በመካከሉ እንዳላማው ራሱ እቤቴ ድረስ መጣ። ሞተር ልንገዛ እንደሆነ ሰምቶ ኖሯል። «ለሥራነሽ ስል ነው እንጂ እንደ ዓይኔ ብሌን የማያት ናት። አንድ ሳምንት ትንዳት፤ ከወደደቻት እንነጋገራለን» አለ። ሙላቷ ከጓሮ ሆና «እንደ ዓይንህ ብሌን የምታያት ከሆነ ለምን ታወጣታለህ?» አለችው። ዝም በይ አልኋት፤ ጎመኗን እየቀነጠሰች የተናገረችው ሁሉ ቁም ነገር አይመስለኝም ነበር። ሥራነሽ ቀይዋን ሞተር ይዛ ወደ ሮብ ገበያ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከሮብ ገበያ በላይ በቾቄ በኩል የምትኖር ሽታዬ የምትባል ሴት ደወለችላት። ያለቻት አንዲት ላም ናት፤ እሷም ምጥ ይዟት ጥጃው አልወጣ ብሏል። ሥራነሽ ሻንጣዋን ይዛ ተነሣች። ካፊያ ነበር። ዳገቱን እንዳጋመሰች፣ ቤንዚን የምታሸት የተባለችው ሞተር ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ዝም አለች። ልጅህ ብትረግጣት፣ ካንዴላዋን ፈትታ አድርቃ ብትመልስላት፣ ብትገፋት አልተነሣችም። ሽታዬ በየጥቂቱ እየደወለች «ላሜ ዓይኗን ገለበጠች፣ የት ደረስሽ?» ትላለች። ሥራነሽ ሞተሯን ከአንድ ጎጆ አጥር አስጠግታ፣ ሻንጣዋን ተሸክማ በእግሯ መውጣት ጀመረች። ጭቃው ቡትስዋን ይይዘዋል።

ከኋላዋ ያ «ብረት» እያጓራ መጣ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ነበሩ። ወዴት እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ «ውጪ!» አሏት። ሻንጣውን በመካከላቸው አድርጋ ተቀመጠች። ሁለት ሰውና አንድ ሻንጣ ጭኖ፣ በጭቃ፣ ዳገቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያንገራግር ወጣ አለችኝ። ሲደርሱ ላሟ ተኝታለች። የጥጃው አንድ እግር ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር የያዘው። ሥራነሽ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሰድዳ እግሩን ፈልጋ አቃንታ አወጣችው። ጥጃው ሕያው ነው፤ ላሟም ሳይመሽ ቆማ ላሰችው። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር።

ቅዳሜ ስትመጣ ይህን ሁሉ ነገረችኝና መጨረሻ ላይ ብቻዋን ሳቀች። ምን ያስቅሻል አልኋት። ሽታዬ እንደዚያ ስታለቅስ ቆይታ ጥጃው ሲነሣ፣ ጎረቤት ሳይገባ ጆንያ አልብሳ ደበቀችውና «ይኸ ምን ጥጃ ነው፣ ድመት ነው። የሚያድግም አይመስለኝ» አለቻት። «እማማ፣ እንዲህ ያለ የደረሰ ጥጃ ዘንድሮ አላየሁም» አለችኝ ሥራነሽ።

እኔ አልሳቅሁም። መነጽሬን አወለቅሁ። የላሙን ወተት ልክ ለጠያቂ የሚናገር ገበሬ በዚህ አገር እንደሌለ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሰው የሚሳሳለትን ነገር ዓይን እንዳይገባበት በአፉ ዝቅ ያደርገዋል። ሊያወጣው የፈለገውን ደግሞ ያሞግሰዋል፤ ማንም በሬ ሻጭ «ሰነፍ ነው» ብሎ ገበያ አይወጣም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ልማዱ ከበረት ወጥቶ ወደ ሞተር መሻገሩን ግን የነገረኝ የለም። ባለሞተሮቹን አንድ በአንድ ጠይቄ፣ ያሉኝን እንዳሉት ወስጄ፣ መልሱን ከእግሩ እስከ ራሱ ገልብጬ ለአንተ አስተላልፌያለሁ። የሚያበሳጨኝ ደግሞ ሙላቷ ከጎመኗ ቀና ሳትል ቀድማኝ ማወቋ ነው። ይህን ለእሷ እንዳትነግራት።

በማግስቱ ቄሱ ከደብራቸው ቀድሰው ሲመለሱ ማርቆስ ላይ ያዝኋቸው። «አባ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነው ዓይን ይፈራሉ? ሐሰትስ ይናገራሉ?» አልኋቸው። «ሐሰት አልተናገርሁም። ብረት ነው አልሁ፤ ብረት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ሰካራም ነው ያሉትስ?» ብላቸው «እሱን ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ» አሉ። ከዚያ ግራና ቀኝ አይተው፣ ራሳቸውን ሳይሆን ሞተሩን አማትበው፣ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ከገዙት ጀምሮ ሆዱ ተከፍቶ አያውቅም። የቀየሩለት ጎማ፣ ሰንሰለት፣ የፍሬን ሸራና ካንዴላ ነው። ቤንዚኑን በጨርቅ ያጠሉለታል፤ ዘይቱን ሳይጠቁር ያወጡለታል፤ ቁልቁለት ላይ አጥፍተውት አያውቁም፤ ለወንድማቸውም አያውሱት። «እህል እንደሚበላ ከብት ነው የማየው» አሉኝ። እንዳላማው ከፋይ ያለበሳት ሞተር ደግሞ በዓመቱ ሆዷ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። ይህን የነገረኝ የከፈታት አማረ ነው፤ ሲመሰገን በዋለበት ቀን ግን አፉን ይዞ ጎማ ይነፋ ነበር። ለምን አልነገርኸኝም ስለው «መምህርት፣ ደንበኛዬ እኮ ነው» አለኝ።

ልኬቱንም ቄሱ ሰው ሳይበዛ በማለዳ እንዲሆን ብለው ፈቀዱልኝ። አንድ ሊትር በመስፈሪያዬ ሰፍሬ ሰጠኋቸው፤ መመለሻ ደግሞ ሌላ በፕላስቲክ ያዙ። ከደጄ ተነሥተው፣ ሮብ ገበያ ደርሰው፣ ሞተሩን ቁልቁለት ላይ ሳያጠፉ ሲመለሱ፣ ቤንዚኑ ያለቀው ማርቆስ መግቢያ ላይ ነው። ለማንም እንዳልናገር ለምነውኛል። አንተ ማርቆስ ስለማትኖር ነገርሁህ፤ ስትመጣ አፍህን ያዝ።

እንዳላማው ሞተሩን ሊወስድ ሲመጣ «እርጥበት ገብቶባት ነው እትዬ፣ እንጂ እሷስ ወርቅ ናት» አለኝ። «ቾቄ ላይ እርጥበት የማይገባበትን ወር ንገረኝና በዚያ ወር እንገዛታለን» አልሁት። አኩርፎ ሄደ። ሰሞኑን ለተስፋዓለም ሊሸጥለት እየተደራደረ ነው አሉ። የፊዚክስ መምህር ነው፤ ይወቅበት።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፤ ንዴቴ ያለው እዚህ ነው። አባ ጋ ከሄድሁ በኋላ ቁጭ ብዬ፣ ይህ ልጅ ሐዋሳን ከየት አመጣው ብዬ አሰብሁ። ግንቦት ላይ ሥራነሽ በስልክ «አባዬ፣ ይህ ምን ሥራ አለው፣ ጭቃና ፋንድያ ነው» አለችኝ ብለህ ነግረኸኛል። የቢሮውን ፎቶግራፍ ስትልክላት ደግሞ «በጣም ያምራል፣ ጥሩ ነው» አለች ብለህ ደስ ብሎህ ነበር። አንተ በዚህ አገር የተወለድህ፣ የአባትህን በሬዎች ሰው ሲያደንቅብህ ታለቅስ የነበርህ ልጅ፣ ይህን እንደ ባዕድ ሰማኸው። ሐዋሳ ስትኖር ጆሮህ ቀጥ ያለ ንግግር ለምዶ ይሆናል፤ እኔ ግን እዚሁ ተቀምጬ በሞተር ተሳስቻለሁና ብዙ አልፈርድብህም።

ከመጠርጠር መጠየቅ ይሻላልና ጠየቅኋት። ሐዋሳ እንዴት ይታይሻል ብላት «ጥሩ ከተማ ነው ይላሉ» አለችኝ። ሥራውስ ብላት «ደመወዙ ደህና ነው፤ ወንበሩም ይሽከረከራል አለኝ አባዬ» አለች። እንዳላማው ቀይዋን ሞተር የሚያሞግስበት ድምፅ ነበር። እኔ ግን ከእንግዲህ በድምፅ አልፈርድም፤ አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ጥያቄ አመጣሁ። «ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?» አልኋት። የቡትስዋን ጭቃ በስንጥር ትፍቅ ነበር፤ መፋቋን ሳታቋርጥ «አልሄድም» አለች። ታዲያ ለአባትሽ ለምን አልነገርሽውም ብላት «ደክሞ ያገኘልኝ ነው፤ እምቢ ብለው ይከፋዋል። አንቺ ስለ ሞተሩ ጠይቀሽ እስክትጨርሺ ጊዜ አገኛለሁ ብዬ ነው፤ አንቺ አንድ ነገር ስትጠይቂ ደግሞ ቶሎ አትጨርሺም» አለችኝ።

አየህ እንዴት እንደተጫወታችሁብኝ? አንተ ሞተር ጠይቂልኝ ያልኸኝ የሚታመን ሞተር የለም እንድልህ ነው፤ ልጅቷን ለመውሰድ ምክንያት ፈለግህ። እሷ ሞተር ስጠይቅ የተወችኝ ጊዜ ለመግዛት ነው። በዚህ መካከል እኔ በጉልበቴ ስታመም ጎማ ጠጋኝ ደጅ በበርጩማ ተቀምጬ ስለ ሃይላንድ ስከራከር ወር አለፈኝ። አባትና ልጅ በስልክ በየሳምንቱ ትነጋገራላችሁ፤ አንድ «እፈልጋለሁ» እና አንድ «አልፈልግም» ለመለዋወጥ አንዲት አሮጊትና ሦስት ሞተር አስፈለጋችሁ።

እንግዲህ የምታደርገውን ስማ። ጽዮን ሳይደርስ ለቢሮው ደውልና ወንበሩን ለፈለገው ሰው ይስጡት በላቸው። ሥራነሽን አትቆጣት፤ ያልነገረችህ ስለምትወድህ ነው፣ ይህንንም እሷ አትነግርህም። ሞተሩ ያ ግራጫው ዓይነት ይሁን፤ አዲሱ አሁንም አዲስ አበባ ይገኛል ብለውኛል። መለዋወጫው የማይገኝ ከሆነ ግን አትግዛው፤ ቄሱም ካንዴላ ከየት እንደሚያመጡ ይነግሩሃል፣ ግን ብቻህን ስትሆን ጠይቃቸው። በሰው እጅ አትላከው። ፈቃድ ወስደህ ራስህ ይዘኸው ና። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራዋን በስልክ ነው የሰማኸው። አንድ ቀን ሽታዬ በረት አጠገብ ቁምና ልጅህ ስትሠራ እያት፤ ጥጃውንም ታየዋለህ፣ ጆንያውን ካነሡልህ። ወንበር ስለሌለ ወገብህንም ያሳርፈዋል።

መግዛቱ ባይሆንልህም ልጅቷ አትሄድም፤ ይህን አስቀድመህ እወቅ። ቄሱ ከዳገቱ ግርጌ ሲያገኟት እያፈናጠጧት ትሠራለች።

ስለ ሐኪምነቷ እኔ ምን እንደምል ደጋግመህ ጠይቀኸኛል። ይህን ያህል የሚነገርላት ሐኪም አይደለችም።

የኔአለምን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ልጇ አልከሳችም፣ ትበላለች በላት። ለክንዴ፣ እንደ አክስቱ የሚያያት እህቱ ሞተር የምትፈልገው ለእሽቅድድም ስላልሆነ ፍጥነቱን መጠየቁን ይተው በለው፤ ትምህርቱን ይጠይቅ። ሳራ የላከችልኝን ሥዕል ተቀብያለሁ፤ ላሟ አምስት እግር አላት፣ አንዱን ታጥፋልኝና መልሳ ትላክልኝ። ለቤት ሠራተኛችሁ ለጥሩነሽ ሰላምታዬን አድርስ፤ ጉንደ ወይን ያለችው እናቷ ደህና መሆኗን ከገበያ ሰዎች ሰምቻለሁ። ከዚህ ሙላቷና አማረ ይናፍቋችኋል። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ አምደሚካኤል ለትምህርቱ ወደ እናንተ የሚመለስ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ መንገድ ደክሞት ይመጣልና ሳታበላው አታሰናብተው።

ወላዲቱ ቤታችሁን ትጠብቅልኝ።

እናትህ ዘቢደር
ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 5 ቀን 2015 ዓ.ም.